ሬዲዮዎን ይቀንሱልን

የዴንቨሩ ኬ ኦ ኤ ሬዲዮ ጣቢያ አየር ላይ የዋለው የፈረንጆች ገና ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1924 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ባለቤቱ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነበር። በእኛ በኩል ራስ ተፈሪ ከአውሮፓ ጉብኝታቸው ከተመለሱ ጥቂት ወራቸው ነው፤ የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ እስኪጀምር ገና አሥር ዓመት ያህል ይቀራል።

በ1934 ጣቢያው ኃይሉን ወደ 50 ሺህ ዋት አሳደገ። ከዚያ በላይ ለአንድ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የአሜሪካ ሕግ አይፈቅድም። ቀን ቀን ይህ ሁሉ ኃይል ኮሎራዶንና አጎራባቾቿን ከመሸፈን ብዙም አያልፍም፤ የፀሐይ ብርሃን በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ ሞገዱን የሚውጥ ንብርብር ይፈጥራልና። ሲጨልም ያ ንብርብር ይከስማል፤ ሞገዱም ሽቅብ ወጥቶ ከላይኛው ሰማይ ይነጥርና በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ኬ ኦ ኤ ሌሊት በ38 ግዛቶች እደመጣለሁ ይላል። እንግዲህ የሌሊት ሬዲዮ አገሩም ሕዝቡም ከቀኑ ይለያል፦ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የዘብ ሠራተኛ፣ የታመመ ሰው የሚያስታምም፣ እንቅልፍ የራቀው ሽማግሌ።

እነዚህ ሰዎች ግን ለረጅም ጊዜ ሰሚዎች ብቻ ነበሩ። አፍ ያለው ጣቢያው ነው። መልስ የመጣው በስልክ ነው። በ1945 ኒው ዮርክ ውስጥ ባሪ ግሬይ የተባለ የሌሊት አቅራቢ ዘፈን ማሰማቱ ሰልችቶት ሳለ የጃዝ ባንድ መሪው ዉዲ ኸርማን ደወለለት፤ ግሬይም የስልኩን እጀታ ማይክሮፎኑ ላይ ደገነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ደዋዩ በቀጥታ የሚናገርበት ፕሮግራም በየከተማው ተስፋፋ። ስድብ አምልጦ አየር ላይ እንዳይወጣ ድምፁን ጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያም ተበጀ። በማንኛውም ቋንቋ፣ የትም አገር፣ የስልክ ፕሮግራም አቅራቢ ለደዋዩ መጀመሪያ «ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ደዋዩ ከሰከንዶች በፊት የተናገረውን ከሬዲዮው ሲሰማ ግራ ይጋባል፤ ድምፁም እየተመላለሰ ያስተጋባል።

ኮሎራዶ ለዚህ ታሪክ የራሷን ምዕራፍ ያዋጣችው በ1955 የገና ሰሞን ነው፤ የገባው ግን በሬዲዮ በር አይደለም። ከዴንቨር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ፣ የሶቪየት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይመጣል ብሎ ሰማዩን የሚጠብቅ ወታደራዊ እዝ ነበር። የሲርስ መደብር ልጆች ለሳንታ ክላውስ እንዲደውሉ የስልክ ቁጥር በጋዜጣ አስነገረ። ቁጥሩ ተዛብቶ ስለታተመ ነው የሚሉ አሉ፤ የደወለው ልጅ ራሱ ተሳስቶ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ ስልኩ የጮኸው ተረኛው መኮንን ኮሎኔል ሃሪ ሹፕ ዘንድ ነው። ሹፕ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ተቆጣ፤ ሕፃን መሆኑን ሲረዳ ግን ሳንታ ክላውስን ሆኖ አናገረው። በዚያው ዓመት እዙ የሳንታን ጉዞ በራዳር እየተከታተልን ነው ብሎ ማስነገር ጀመረ። ከ1958 ወዲህ ሥራውን የተረከበው እዙን የተካው ኖራድ ነው፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ዲሴምበር 24 ፈቃደኞች ተሰብስበው ከዓለም ዙሪያ ለሚደውሉ ልጆች ስልክ ያነሳሉ። ታሪኩ ሲተረክ ልጆቹ ብቻ ይወሳሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ወገን ነው፦ በበዓል ሌሊት ቤቱ ያልሆነው፣ ተረኛ ሆኖ ስልክ አጠገብ የተቀመጠው ሰው።

የእኛ ሰዎች ወደዚህ ታሪክ የገቡት በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። ማርች 17 ቀን 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር አዲሱን የስደተኞች ሕግ ፈረሙ። ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የገቡ ኢትዮጵያውያን ከገዳሬፍና ከካርቱም እየተነሱ በየከተማው ይሰፍሩ ጀመር፤ ዴንቨርም ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ሆነች። የተገኘው ሥራ የሌሊት ነው፦ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት፣ የቢሮ ጽዳት፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሆቴል ልብስ እጥበት፣ የነዳጅ ማደያ። በፓርኪንጎቹ የመስታወት ዳሶች ውስጥ አብራ የምታድር ነገር ሬዲዮ ናት። መምህርም ሆና አገልግላለች። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት መጽሐፍ የተማረ ሰው፣ ፈረንጅ በስልክ ሲቆጣ፣ ሲያላግጥና ሲያለቅስ እንዴት እንደሚናገር የሰማው ከሌሊት ሬዲዮ ነው። ስልክ አንስቶ መደወል ግን አልሞከረም። በዘዬው ሊሳቅበት፣ «ከየት ነህ?» ተብሎ ሊቀር ይችላል፤ ለፈረንጅ አቅራቢ ደግሞ ስለ ምን ብሎ ይደውላል?

ዲሴምበር 24 ቀን 1982 ዴንቨር በታሪኳ ካየቻቸው ከባድ በረዶዎች አንዱ ወረደባት። በአንድ ቀን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆለለ፤ ነፋሱ እያነሳ በየመንገዱ ከመረው፤ የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ፤ ለበዓል ዘመድ ጋ ሊደርስ የወጣ ሰው በየመኪናው፣ በየሱቁና በየሥራ ቦታው ቀረ። ያን ቀን ተረኛ የነበረ ሰው ተለዋጭ አልመጣለትም። ከገዳሬፍ ሙቀት ከወጣ ዓመት ላልሞላው ሰው የመጀመሪያው የፈረንጅ ገና ይህ ነበር። የዴንቨር ሽማግሌዎች ዛሬም «የገናው በረዶ» ሲባሉ ዓመቱን አይጠይቁም።

በዚያ ዘመን የኬ ኦ ኤ ስመ ጥር አቅራቢ አለን በርግ ነበር። የቺካጎ ሰው፣ አይሁዳዊ፣ ጠበቃነቱን በመጠጥ ሱስና በሚጥል በሽታ ያጣ፣ ዴንቨር መጥቶ ከሱስ ተላቅቆ በሬዲዮ የዳነ ሰው ነው። ጣቢያውን የተቀላቀለው በ1981 ነው። በርግ ደዋይን አያባብልም፤ ይጨቃጨቃል፣ ያቋርጣል፣ ጆሮው ላይ ስልክ ይዘጋል። ዘረኞች ሲደውሉለት ደግሞ ይብስበታል። እንዲህ ያለ ድምፅ ወዳጅም ጠላትም እኩል ያፈራል። ጁን 18 ቀን 1984 ምሽት እራት በልቶ ቤቱ ሲገባ፣ ከመኪናው እንደወረደ በጥይት ደበደቡት። ዕድሜው 50 ነበር። የገደሉት «ዘ ኦርደር» የተባለ የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ ቡድን አባላት ናቸው። የቡድኑ መሪ ሮበርት ማቲውስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከፌደራል ፖሊስ ጋር ሲታኮስ ሞተ። በ1987 ዴቪድ ሌንና ብሩስ ፒርስ ዴንቨር በዋለው የፌደራል ችሎት ተፈርዶባቸው እያንዳንዳቸው 150 ዓመት ተቀጡ። ክሱ የግድያ አልነበረም፤ የሲቪል መብት መጣስ ነው። በተከታዩ ዓመት ኦሊቨር ስቶን «ቶክ ሬዲዮ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ታሪኩን ወደ ዳላስ ወስዶ በሌሊት ፕሮግራም አደረገው። ስለ በርግ ስቴፈን ሲንጉላር የጻፈው መጽሐፍም በ1987 ወጥቷል።

ፓርኪንግ ዳሱ ውስጥ የነበረው ኢትዮጵያዊ ይህን ዜና እንዴት ሰማው? ለተናገሩት ነገር በጥይት መመታት አዲሱ አይደለም፤ የቀይ ሽብርን አዲስ አበባ ያየ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ መሆኑ ግን ሳያስደነግጠው አልቀረም። ስልኩን ላለማንሳት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኘ።

በ1987 የአሜሪካ የፌደራል መገናኛ ኮሚሽን ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ከተለያየ ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረውን መመሪያ ሻረ። ከዚያ በኋላ የቀኑ የስልክ ሬዲዮ ወደ ፖለቲካ ጩኸት አዘነበለ። ሌሊቱ ግን የራሱን ጠባይ ጠብቆ ቆየ። ከኔቫዳ በረሃ አርት ቤል ስለ በራሪ ዲስክና ስለ ሙታን መንፈስ ለሚደውሉ ሰዎች መስመሩን ሳያጣራ ይከፍት ነበር፤ በዴንቨሩ ኬ ኦ ኤ ደግሞ ሪክ ባርበር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሹፌርና ከነርስ ጋር ያወጋ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሊያሸንፍህ አይደውልም። ከቀኑ ፕሮግራም ይልቅ የሌሊቱን የምወደው በዚህ ነው።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1995 ስቴፕልተን ተዘግቶ አዲሱ የዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ። ከመሃል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህ ርቀት የታክሲን ሥራ ለወጠው፤ አንድ ጥሩ ጉዞ የግማሽ ቀን ገቢ ሆነ፤ ሹፌሩ ግን ያን ጉዞ ለማግኘት በታክሲዎች ማቆያ ሜዳ ለሰዓታት ተራ መጠበቅ አለበት። ሜዳው በኢትዮጵያውያን፣ በኤርትራውያንና በሶማሌዎች ተሞላ። በዚያው በ1995 ዴንቨር ከአክሱም ጋር የእህትማማች ከተማነት ውል አሰረች። የዴንቨር ጎረቤት አውሮራ ደግሞ በኮልፋክስና በሃቫና ጎዳናዎች የእንጀራና የቡና ሽታ ያላት ከተማ እየሆነች ነበር፤ ዛሬ ከአምስት ነዋሪዎቿ አንዱ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ነው።

የእኛና የፈረንጅ በዓል አለመግጠም ለዚህ ሕዝብ የተለየ ሥርዓት ፈጠረለት። ዲሴምበር 24 ሌሊት «እኔ እገባለሁ» የሚለው ሐበሻው ነው፤ የበዓል ክፍያም አለው፣ ውለታም ያተርፋል፤ ውለታውንም ጃንዋሪ 6 ላይ ይቀበላል። ያልተሳካለት ደግሞ የእኛን ገና ዋዜማ ተራ የሥራ ሌሊት ሆኖ ያገኘዋል፤ በየጣቢያው ያሉት የገና መዝሙሮች ካበቁ ሳምንት አልፏቸዋል፣ በየደጁ የተጣለው ጥድ ቆሻሻ መኪና እየጠበቀ ነው። ሰዓቱም አይገጥምም። በክረምት ዴንቨር ከአዲስ አበባ አሥር ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ከሌሊቱ ስድስት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ጾሙ ተፈቶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ስለዚህ የሌሊት ሠራተኛው ለመደወል የተሻለ ሰዓት ነበረው። በሐበሻ ሱቅ የምትሸጠውን የስልክ ካርድ ፍቆ፣ ረጅሙን ቁጥር አስገብቶ፣ መስመሮች ሁሉ ተይዘዋል የሚለውን የሴትዮ ድምፅ ደጋግሞ ሰምቶ፣ በመጨረሻ ሲገባለት እናቱ ስልኩን ለማን እንደምታቀብል ስትማከር ካርዱ ያልቃል። የዚያን ጊዜ ስደተኛ ይህን የማያውቅ የለም።

የ2006ቱ ዲሴምበር ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። ከ20 እስከ 21 በወረደው በረዶ አውሮፕላን ማረፊያው 45 ሰዓት ያህል ተዘጋ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ወለል ላይ አደሩ። በሳምንቱ ሌላ በረዶ ደገመ። መንገደኛ ከሌለ ታክሲ ሥራ የለውም፤ የታክሲው ሳምንታዊ ኪራይ ግን አይቋረጥም። ዲሴምበር 24 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት በሶማሊያ ከእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ጋር ጦርነት ላይ መሆኑን በይፋ ተናገረ፤ በአራተኛው ቀን ሞቃዲሾ ተያዘች። በአንድ ሜዳ ተራ የሚጠብቁ፣ አንዱ ባትሪ ሲሞትበት ሌላው ገመድ ዘርግቶ የሚያስነሳለት ሹፌሮች አገሮቻቸው ሲዋጉ ወሬውን በየመኪናቸው ሬዲዮ ሰሙ። የፈረንጅ ገናም፣ ከአምስት ቀን በኋላ የሆነው ዒድ አል አድሃም፣ ጃንዋሪ 7 የዋለው የእኛ ገናም በዚያ ወሬ መካከል አለፉ።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው ኢትዮጵያዊው ስልኩን ያነሳው። ከ2005ቱ የኢትዮጵያ ምርጫ በኋላ ፓልቶክ የተባለው የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ክፍሎች በየሌሊቱ ይሞሉ ነበር። በኮምፒዩተር ቢሆንም አሠራሩ የሌሊት የስልክ ሬዲዮ ነው፤ አወያይ አለ፣ እጅ ማውጣት አለ፣ ማይክ መቀማት አለ፣ እስከ ንጋት ከሰው ጋር የሚሟገት አለ። ኮምፒዩተር አጠገብ መቀመጥ የማይችለው ሹፌር ደግሞ በኮንፈረንስ መስመር ገባ። የጸሎት መስመር፣ የማኅበር መስመር፣ የእድር መስመር በዚያው ተዘረጋ። ቁጥሩን ደውሎ፣ ኮዱን አስገብቶ፣ መናገር ሲፈልግ ኮከብ ስድስት ይጫናል። በዓል ሲሆን ይህ መስመር «እንኳን አደረሳችሁ» በሚል ድምፅ ይጨናነቃል፤ አንዷ እትዬ ኮከብ ስድስትን መልሳ መጫን ረስታ የወጧ ድምፅ ለመቶ ሰው ይሰማል። ቆይቶ ኦዲዮናው የተባለው ኩባንያ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ተራ የስልክ ቁጥር ሰጠ፤ ኢንተርኔት የሌላት ስልክ የያዘ ሹፌር ደውሎ የአማርኛ ዜና እያደመጠ መንዳት ቻለ። በ2009 በዋናነት የአፍሪካ ስደተኞች የሆኑ 262 ሹፌሮች ዩኒየን ታክሲ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራ ጀመሩ። በ2016 ደግሞ 800 ያህል አባላት ያሉት ግሪን ታክሲ ተከተለ። የመኪናው ባለቤት ራሱ ሲሆን የሬዲዮውን ቁልፍ የሚያዞረውም ራሱ ነው።

የቀረው የራስ ጣቢያ ነበር። የመገናኛ ኮሚሽኑ ዝቅተኛ ኃይል ያላቸውን ኤፍ ኤም ጣቢያዎች የፈቀደው በ2000 ነው፤ ትልልቆቹ ብሮድካስተሮች ሞገዳችንን ይረብሹብናል ብለው በኮንግረስ ስላሳገዱት በትልልቅ ከተሞች ፈቃዱ ለአሥር ዓመት ያህል አልሠራም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአካባቢ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ሕግን ሲፈርሙ እገዳው ተነሳ፤ በ2013 መጸው ማመልከቻ መቀበል ተጀመረ። ጣቢያው ለትርፍ የማይሠራ፣ ማስታወቂያ የማይሸጥ፣ ኃይሉም ከ100 ዋት የማይበልጥ መሆን አለበት። ድምፁ በደንብ የሚሰማው በአምስት ተኩል ኪሎ ሜትር ዙሪያ ነው። አውሮራ ላይ የእንዳለ ጌታሁን ኬቶ 93.9 በዚህ በር ገባ፤ ለኢትዮጵያውያንና ለሌሎች ስደተኞች በየቋንቋቸው የሚናገር ጣቢያ ሆነ። ኃይሉ ቢበዛ ከኬ ኦ ኤ ኃይል ከአምስት መቶ አንዱ እጅ ነው። ሆኖም አምስት ኪሎ ሜትር ለአውሮራ ሐበሻ ትንሽ አይደለም፤ ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የሚደውለውም ሰው እዚያው ናቸው። 38 ግዛት የሚደርሰው ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላናገረውን ሰው የሚያናግረው ይሄ ነው።

ኤፕሪል 19 ቀን 2020 የዋለው ፋሲካ በኮሮና ምክንያት ኮሎራዶ ከቤት አትውጡ በተባለችበት ወር ውስጥ ገባ። ምእመኑ ቅዳሴውን ከየሳሎኑ በስልክ ተከታተለ። የሚያዝያው የሰዓት ልዩነት ዘጠኝ ነው፤ አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ጾም ስትፈታ አውሮራ ገና ቅዳሜ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ሐኪም ቤትና መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩት ግን ያን ሌሊትም ተረኞች ናቸው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 4 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። የዴንቨር እህት ከተማ አክሱም በኅዳር ጽዮን በዓል ሰሞን የደረሰባት ግድያ ለዓለም የተሰማው ዘግይቶ ነው። የጃንዋሪ 2021 ገና ላይ አክሱም ቤተሰብ ያለው የዴንቨር ሰው የሚደውልበት መስመር አልነበረውም። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለጃንዋሪ 2024 ገና የጎንደርና የደሴ ልጆች የዋትሳፕ ጥሪ ሳይሳካላቸው አለፈ። ቅያሜውም አየር ላይ ወጣ። ለዓመታት አንድ የጸሎት መስመር የነበራቸው ሰዎች መስመር ለይተዋል፤ ከየትኛው ወገን መሆናቸው ሳይጠየቅ እንኳን አደረሳችሁ የሚባባሉበት ሌሊት ቀንሷል።

ማርች 2025 ላይ ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጭ የኖረው የአሜሪካ ድምፅ በዋሽንግተን ትእዛዝ ሠራተኞቹ ከሥራ እንዲቀሩ ተደርጎ ዝም አለ። የሌሊቱ ወሬ አሁን በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ነው፤ ስጦታ የሚወረወርበት፣ ስድቡን የሚያዘገይ መሣሪያ የሌለው።

የአለን በርግ ድምፅ ተቀድቶ ቀርቷል፤ መጽሐፍም ፊልምም ወጥቶለታል። አንድን ባለ 100 ዋት ጣቢያ ግን ስርጭቱን እንዲያኖር ሕግ አያስገድደውም፤ ለኮንፈረንስ መስመርማ ማንም አይጠይቅም። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ፣ ከፓርኪንጉ ዳስ ዘመን የቀረ ካሴት፣ የተቀዳ የበዓል ፕሮግራም፣ ስልካችሁ ውስጥ የተረሳ የጸሎት መስመር ቅጂ ካላችሁ አታጥፉት። ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጽፋችሁ፣ ተናጋሪውን አስፈቅዳችሁ፣ ለዴንቨር ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለአውሮራ የታሪክ ሙዚየም ስጡት።